ለትምህርት ጽሕፈት ቤታችን፦ ልጆቹን የምናውቅበትን መንገድ መልሱልን

ለተከበራችሁ የክፍለ ከተማችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎችና የሱፐርቪዥን ባለሙያዎች፣

ጉዳዩ፦ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት መጀመሪያ ለትምህርት ቤቶች የተላለፈውን ባለ አራት ነጥብ መመሪያ ይመለከታል።

በክፍለ ከተማችን ካሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በአንዱ የ6ኛ ክፍል ሒሳብ መምህርት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ሌላውን በር ሳላንኳኳ ቀርቼ አይደለም። በርዕሰ መምህራችን በኩል ጽፈናል። አጎራባች ትምህርት ቤቶች በሚገናኙበት በጉድኝት ማዕከሉ ስብሰባ ላይ አንስተናል። ሱፐርቫይዘራችንንም ጠይቀናል። ያገኘነው መልስ «ከላይ የመጣ ነው» የሚል ብቻ ነው። ከላይ ያላችሁት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

መመሪያው ባጭሩ አራት ነገር ይላል። ተማሪዎች በውጤታቸው ተለይተው በየሴክሽኑ ይደልደሉ። ዕለታዊ የትምህርት ዕቅድ በደቂቃ በተከፋፈለ አንድ ዓይነት ፎርም ይሞላ፣ የክፍል ምልከታም በዚያው ፎርም ይካሄድ። ከክፍለ ጊዜ ውጭ መምህርና ተማሪ አብረው አይቆዩ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በኋላ የደረሰ ተማሪ ወደ ግቢ አይግባ።

እያንዳንዱን ለብቻው ብታዩት ምክንያት አያጣም። አንዳንዱን ምክንያት እኔም እቀበላለሁ። አራቱ አንድ ላይ ሲሠሩ ግን ተማሪዎቼን የማውቅበትን መንገድ በሙሉ ዘጉብኝ። አቤቱታዬ ይኼ ነው።

ክፍሌ ውስጥ ምን እንደማደርግ ካልነገርኳችሁ ምን እንደጎደለብኝ አይገባችሁም። ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

ስድሳ አራት ልጆች ያሉበት ክፍል ነበር የማስተምረው። ለመጀመሪያ ደረጃ የተቀመጠው 50 ተማሪ መሆኑን ከእኔ በላይ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ዛሬ እሱን ለማንሳት አልመጣሁም። ትምህርት ሲከፈት ምዕራፍ አንድን ከመጀመሬ በፊት የምይዘው ስም ነው። «አንተ፣ ከኋላ ያለኸው፣ ቀዩ» እየተባለ የሚጠራ ልጅ እጅ አያወጣም። በስሙ ሲጠራ ግን ቢያንስ ቀና ይላል።

ልጅ ሲመልስ «ልክ» ወይም «ስህተት» ብዬ አላልፍም። «እንዴት አገኘኸው?» ነው የምለው። በትክክል ለመለሰውም፣ ለተሳሳተውም። መስከረም ላይ ይደነግጣሉ። «እንዴት» ተብሎ ከተጠየቀ ተሳስቷል ማለት ነው ብለው ስለሚያስቡ መልሳቸውን በላጲስ ይፈትጉታል፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ። ኅዳር ላይ ለምደውታል። ታኅሣሥ ላይ እርስ በርሳቸው «እንዴት አገኘሽው?» ሲባባሉ እሰማለሁ። ያኔ ሥራዬ ቀለለ ማለት ነው።

ዓርብ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የብጣሽ ወረቀት ናቸው። በሳምንቱ ያልገባቸውን አንድ ነገር ጽፈው ይሰጡኛል። ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም፤ የእጅ ጽሑፋቸውን ግን አውቀዋለሁ። ብዙው የሒሳብ ጥያቄ ነው። «ቲቸር፣ ዛሬ ለምን ተኮሳተርሽ?» ብሎ የሚጽፍም አለ። በተከታታይ «ሁሉም ገብቶኛል» የሚል ካጋጠመኝ ምንም እንዳልገባው እጠረጥራለሁ። ሰኞ ትምህርቱን የምጀምረው ከእነዚያ ወረቀቶች በአንዱ ነው።

አንድ ደብተርም አለኝ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ። ማርክ የለበትም። ማን ጋር እንደሚኖር፣ ምን ሲሆን ዝም እንደሚል፣ ማን አጠገብ ሲቀመጥ እንደሚሠራ፣ የት ላይ እንደሚደናቀፍ ነው የምጽፍበት። መመሪያው ከመጣ በኋላ ይህ ደብተር «በጽሕፈት ቤቱ ያልጸደቀ ሰነድ» ተብሏል። ለማንም አሳይቼው አላውቅም። መጽደቁም አያስፈልገው።

ዱላ አልይዝም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ስለሚደነግግ ብቻ አይደለም። የሚፈራ ልጅ ስለማይጠይቅ ነው። «ገርፈሽ አስተምሪልኝ» የሚለኝ ወላጅ አለ። በአክብሮት እሸኘዋለሁ፣ ልጁን ግን አልነካም።

አሁን ወደ መመሪያው ልግባ።

ድልድሉ

እስከ መንፈቅ ዓመቱ ድረስ አራቱም የ6ኛ ክፍል ሴክሽኖች ቅልቅል ነበሩ። ጎበዙም ደከም ያለውም አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጡ ነበር። መመሪያው ሲመጣ ልጆቹ በአማካይ ውጤታቸው ተሰለፉ። ከላይ ያሉት 6ኛ ኤ፣ ከታች ያሉት 6ኛ ዲ ገቡ። የተባለው ምክንያት የከተማ አቀፍ ፈተናው ነው። ፈጣኖቹ ሳይጎተቱ ይሄዳሉ፣ ደካሞቹ ደግሞ ልዩ ድጋፍ ያገኛሉ ተባለ።

ልዩ ድጋፉ እስካሁን አልመጣም። ቅጽል ስሙ ግን በማግስቱ ነው የመጣው። ልጆቹ 6ኛ ኤን «ዱባይ»፣ 6ኛ ዲን ደግሞ «ጋራዥ» አሏቸው። አንድ የዲ ተማሪ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ እንዲሠራ ስጠራው «ቲቸር፣ እኛ እኮ ጋራዥ ነን» አለኝ። እየሳቀ ነው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ይኸው ልጅ ጥር ላይ «ልሞክር» እያለ ከወንበሩ የሚነሳ ልጅ ነበር። ዛሬ እንዲወጣ ለማድረግ እለምነዋለሁ፤ ከወጣም ጠመኔውን ይዞ ይቆምና የጓደኞቹን ፊት ያያል።

ኤ የገቡት ተጠቀሙ ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። እነሱም ጎድሎባቸዋል። አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጡ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩኝ። አንዱ ሰቃይ ነው። ሌላው ማካፈል የሚባል ነገር አይወድም። ሰቃዩ በቆርኪ ያስረዳው ነበር። ኪሱ ውስጥ ሁሌም ቆርኪ አለ፤ ለጨዋታ ነው የሚይዘው። ዴስኩ ላይ ይደረድርና «ይኼን ለሦስታችን አካፍል» ይላል። አንድ ቀን ሲያስረዳ ራሱ ተያዘ። ጓደኛው «የተረፈው ቆርኪስ የማን ነው?» አለው። ሰቃዩ መልስ አልነበረውም። ቀሪ የሚባለውን ነገር በቃሉ ያውቀዋል እንጂ አስቦበት አያውቅም ነበር። በእረፍት ሁለቱ ተያይዘው መጡና ጠየቁኝ። እኔ ሰቃዩን እንደዚያ ላስጨንቀው አልችልም ነበር። ጓደኛው ነው ያስተማረው። አሁን አንዱ ዱባይ ነው፣ አንዱ ጋራዥ።

ይህ ፈረንጅ አገር የተማርኩት ዘዴ አይደለም። የአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። የኔታ እያንዳንዱን ሕፃን ራሳቸው አያስቆጥሩም። ከፍ ያለው ተማሪ ለታናሹ ፊደል ያስቆጥራል፣ እሱ ደግሞ በተራው የኔታ ፊት ይቀርባል። በቅርቡ የነበረውን፣ ተማሪዎች በትንንሽ ቡድን ተደራጅተው የሚያጠኑበትን አንድ ለአምስትንም አስታውሱ። ፎርም መሙያና ሪፖርት ማሳመሪያ ሆኖ ስለቀረ ስንወቅሰው ኖረናል፣ እኔም ወቅሼዋለሁ። ግን አንድ ለአምስት እንኳ ጎበዙን ከደካማው ጋር ነበር የሚያስቀምጠው።

ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወሰድ የሕፃናቱ ደኅንነት በቀደምትነት ሊታሰብ እንደሚገባ የሚለውም ያው አንቀጽ 36 ነው። ድልድሉ ሲወሰን የታሰበው የትኛው ልጅ ነው? በየትኛው ስብሰባ? እኛ መምህራኑ አልተጠየቅንም። ወላጆችም የሰሙት ልጆቻቸው ደብተራቸውን ይዘው ክፍል ከቀየሩ በኋላ ነው።

የደቂቃ ዕቅዱ

ዕቅድ አልቃወምም። ዕቅድ የሌለው መምህር ልጆቹን ያደክማል። የምቃወመው መግቢያ 5 ደቂቃ፣ ዋና ትምህርት 20፣ የቡድን ሥራ 10፣ ማጠቃለያ 5 ብላችሁ ለአማርኛውም ለሒሳቡም ለሙዚቃውም አንድ ዓይነት ልብስ መስፋታችሁን ነው። የባሰው ደግሞ ምልከታው ነው። ተመልካቹ ልጆቹን ሳይሆን ሰዓቱን ያያል።

የሆነውን ልንገራችሁ። ከጽሕፈት ቤታችሁ አንድ ባለሙያ ለምልከታ መጡ። ከኋላ ተቀመጡ። የዕለቱ ርዕስ በክፍልፋይ ማካፈል ነው። ሰሌዳው ላይ 5 ለግማሽ ሲካፈል 10 ይሆናል ብዬ ጻፍኩ። ደንቡን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ገልብጦ ማባዛት ነው። ልጆቹም ገልብጠው አባዙ። መግቢያዬ በሰዓቱ አለቀ።

ከዚያ ከመስኮቱ በኩል ያለች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ከእሷ ድምፅ መስማት ብርቅ ነው። «ቲቸር፣ ማካፈል ማሳነስ አይደል እንዴ? 5 ተካፍሎ እንዴት 10 ይሆናል?»

እውነቱን ለመናገር ከዓመቱ ጥያቄዎች ሁሉ የወደድኩት ይኼንን ነው። ገልብጦ ማባዛቱን በቃል ይዘው የሚያልፉ ስንት ትልልቅ ሰዎች አሉ፣ ለምን እንደሚገለበጥ ግን ቢጠየቁ መልስ የላቸውም። ጥያቄዋን ወደ ክፍሉ መለስኩት። «ማን ያስረዳታል?» አልኩ። ጸጥ። ጥግ ላይ የእጅ መታጠቢያ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን አለ። ያን ቀን ሙሉ ነበር። አንዱ ልጅ ከቦርሳው ግማሽ ሊትር ሃይላንድ አወጣ። «ይኼ ጀሪካን ስንት ሃይላንድ ይሞላል?» አልኳቸው። አንዱ አምስት አለ፣ ሌላው ሰባት። ደረታቸውን ነፍተው የተከራከሩ ነበሩ።

መቅዳት ጀመሩ። የሞላውን ባልዲ ውስጥ ይገለብጣሉ፣ እንደገና ይሞላሉ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይቆጥራል። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር። ጀሪካኑ ባዶ ሆነ። የጠየቀችው ልጅ ተነሥታ «ለካ የሚጠየቀው አምስቱ ውስጥ ግማሽ ስንት ጊዜ አለ ነው!» አለች። ወዲያው ከኋላ ሌላው «በሩብ ሊትርስ?» ብሎ ጮኸ፣ ሳልመልስለት «ሃያ!» ተባለ ከየአቅጣጫው። ደወል ተደወለ። ማንም አልተነሳም።

የምልከታ ውጤቴ በሳምንቱ ደረሰኝ። የቡድን ሥራ በተመደበለት ደቂቃ አልተሰጠም። ማጠቃለያ አልተደረገም። መምህርቷ ከዕቅዷ ወጥታለች። የክፍሉ ሥርዓት አልተጠበቀም። ወለሉ ረጥቧል። ከሁሉም ያልተከራከርኩት በመጨረሻው ነው፤ ወለሉስ እውነትም ረጥቧል። ልጅቷ ስለጠየቀችው ጥያቄ ግን ከቅጹ ላይ አንድ ቃል የለም። ለነገሩ የሚጻፍበት ሳጥንም የለውም።

እኔ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ሲመጣልን ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። የስክሪኑ መምህር ጥያቄ ያቀርባል፣ ለመሥራት ትንሽ ደቂቃ ይሰጣል፣ ደቂቃው ሲያልቅ መልሱን ተናግሮ ይቀጥላል። ጨረስን አልጨረስን ጉዳዩ አይደለም። እጅ ብናወጣ አያይም። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አልፎናል። ክፍል ውስጥ ያለው የእኛው መምህር ማብሪያ ማጥፊያ ሆኖ ቀረ፤ ጎበዝ መምህር ነበር፣ ጥግ ቆሞ አብሮን ያያል። ፕላዝማው ሄደ ብለን ነበር። በደቂቃ በተሸነሸነው ፎርማችሁ ግን እኔን ራሴን ፕላዝማ እያደረጋችሁኝ ነው።

የመምህራን ቀን በየዓመቱ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 5 ይከበራል። ቀኑ የተመረጠው በ1966 እ.ኤ.አ. የዓለም ሥራ ድርጅትና ዩኔስኮ ስለ መምህራን አቋም የውሳኔ ሐሳብ ያጸደቁበት ዕለት ስለሆነ ነው። የዚያ ሰነድ አንቀጽ 63 ቁጥጥርና ሱፐርቪዥን መምህሩን ለማበረታታትና ለማገዝ መሆን እንዳለበት፣ ነፃነቱን፣ ተነሳሽነቱንና ኃላፊነቱን የሚቀንስ መሆን እንደሌለበት ይናገራል። አንቀጽ 61 ደግሞ ለተማሪዎቹ የሚስማማውን ዘዴ ለመለየት ብቃት ያለው መምህሩ ነው ይላል። ቀኑን በባነር ከማክበር ይህን አንብቦ የምልከታ ቅጹን ማስተካከል ይቀላል።

ከክፍለ ጊዜ ውጭ አብሮ አለመቆየት

በዚህኛው ላይ ምክንያታችሁን በደንብ እረዳለሁ፣ ከልቤም እጋራዋለሁ። ልጆችን ለብቻቸው እየነጠለ የሚያስቸግር ሰው ካለ ከትምህርት ቤት መውጣት ብቻ ሳይሆን በሕግ መጠየቅ አለበት። የራሱን ተማሪ በክፍያ ቱቶር ካልያዝኩህ ብሎ በማርክ የሚያስፈራራ መምህርም አለ። ሙያችንን የሚያሰድበው እሱ ነው።

ግን ለጥቂቶች ጥፋት ሁሉንም በር ከዘጋችሁ የሚጎዳው ልጁ ነው። እኔ ከተማሪዎቼ ጋር የምቆየው የት ነው? ከ2012 ጀምሮ ልጆቻችን ቁርስና ምሳ ትምህርት ቤት ይበላሉ። ከምሳ በኋላ መመገቢያው አጠገብ ያለው የጥድ ጥላ ሥር አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ። የምገባ እናቶች ዕቃ ያጥባሉ፣ ዩኒት መሪው ይመላለሳል፣ ግቢው በሙሉ ያየናል። ልጆች መጥተው ከጎኔ ይቀመጣሉ። ስለ ሒሳብ የሚያወራው ጥቂቱ ነው። ስለ ኳስ ይከራከራሉ፣ ስለ ታናናሾቻቸው ይነግሩኛል። ክፍል ውስጥ ስድሳ አራት ሆነው የማልሰማውን የምሰማው እዚያ ነው።

አንዲት ተማሪዬ በጠዋቱ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ሁልጊዜ ትተኛለች። ሌሎች መምህራን «ግድ የላትም» ብለው ጽፈውባታል። እዚያ አግዳሚ ላይ ነው የነገረችኝ። ከገጠር መጥታ ዘመድ ጋር ነው የምትኖረው። ሌሊት ተነሥታ እንጀራ ትጋግራለች፣ የቤቱ ሰዎች ለየሱቁ ያስረክባሉ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደግሞ ሊጥ አለ። የቤት ሥራ የምትሠራበት ሰዓት የለም። እጇን አሳየችኝ፤ የግራ እጇ ሁለት ጣቶች ላይ የምጣድ ቃጠሎ ነበር። እስክሪብቶ የምትይዘው በዚያ እጇ ነው።

ለብቻዬ የሆነ ጀግንነት አልሠራሁም። ለዩኒት መሪያችንና ለወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት ነገርኩ። ዘመዷ ተጠርተው ተነጋገርን። የሌሊቱ ጋገራ ሙሉ በሙሉ አልቀረም፣ ግን በሳምንት ወደ ሁለት ቀን ዝቅ አለ። ከሰዓት ከመሄዷ በፊት ደግሞ የቤት ሥራዋን እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከሌሎች አምስት ስድስት ልጆች ጋር፣ እኔ ባለሁበት ሠርታ ትሄድ ነበር። ውጤቷ ተአምር አላሳየም። ግን አትተኛም ነበር። መመሪያው ከመጣ ጀምሮ ያ የከሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ቀርቷል። ጥበቃው ልጆቹን ያስወጣቸዋል፣ እኔንም «መምህርት፣ ታዝዤ ነው» ይለኛል። አልፈርድበትም። ልጅቷ እንደገና መተኛት ጀምራለች።

መጠበቅ ከፈለጋችሁ መንገድ አለ። ክፍት ቦታ ይሁን። ሁለት መምህራን ይኑሩ። የቆየ ልጅ ስምና ሰዓት ዩኒት መሪው ጋ ይመዝገብ። ክፍያ የሚባል ነገር ፈጽሞ ይከልከል። ይህን ሁሉ እፈርማለሁ።

የበሩ ጉዳይ

ስለዚህ አላረዝምም። ከ2 ሰዓት በኋላ የመጣ ልጅ ከበር ይመለሳል፣ «ወላጅ አምጣ» ይባላል። የሚያረፍደው ማን እንደሆነ በር ላይ ቆማችሁ እዩ። ውኃ የምትቀዳዋ ናት። ታናሹን መዋዕለ ሕፃናት አድርሶ የሚመጣው ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆየው ነው። ከበር የተመለሰ ልጅ ትምህርት ብቻ አይደለም የሚያመልጠው፤ ቁርሱም አምልጦታል። ከመጣበት ቤት ቁርስ ቢኖር ኖሮ ከመነሻውም ምገባው ባላስፈለገ። ፎርፌን ለመቀነስ ከሆነ ሐሳቡ፣ በር ላይ ተመልሶ መንገድ ላይ የዋለ ልጅ በነገታው ጭራሽ አይመጣም። ያረፈደ ይመዝገብ፣ ምክንያቱ ይጠየቅ፣ ግን ይግባ።

በወረቀት ያልሰፈረው

አንድ ነገር ደግሞ አለ። መመሪያው ላይ የለም፤ በስብሰባ በቃል ነው የተነገረን። «ከ50 በታች ያመጣ ተማሪ የበዛበት መምህር ይጠየቃል።» ይህ ዓረፍተ ነገር ምን እንደሚያደርግ እናንተም እኛም እናውቃለን። መምህሩ ፈተናውን ያቀላል። ካልሆነም በተከታታይ ምዘናው ላይ ለደብተር ንጽሕና፣ ለተሳትፎ እያለ ይሞላል። ሮስተሩ ያምራል። ወላጅ ደስ ይለዋል። ልጁ ግን ክፍልፋይ ሳይገባው 7ኛ ክፍል ይገባል፣ ከዚያ 9ኛ፣ ከዚያ 12ኛ።

መጨረሻውንም አይተነዋል። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለማስቀረት በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2 ሆነ። በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ደረሰ። ከፍ ማለቱ ደስ ይላል። ቢሆንም ከአሥር ተማሪ ዘጠኙ ወድቋል ማለት ነው። እነዚያ ልጆች በየዓመቱ አልፋችኋል እየተባሉ ነው እዚያ የደረሱት። ካርዳቸው ላይ ማለፊያ የጻፍነው እኛው ነን፣ ያስጻፈን ደግሞ ያ በቃል የሚነገር ዓረፍተ ነገር ነው።

የእኔ ብጣሽ ወረቀትና «እንዴት አገኘኸው?» ለዚህ በቂ መድኃኒት ነው አልልም። ስድሳ አራት ልጅ ባለበት ክፍል ለሁሉም አይደርስም። በእኔ ክፍልም የሚወድቁ አሉ። ግን የወደቀው ልጅ የት ላይ እንደወደቀ አውቃለሁ፣ ለቀጣዩ መምህርም ልነግረው እችላለሁ። አሁን የምትጠይቁኝ ይህን ማወቅ ትቼ ፎርሙን በሰዓቱ እንድሞላ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እጠይቃለሁ። በትምህርት ቤታችን ያሉ የ5ኛና የ6ኛ ክፍል መምህራን ባልደረቦቼም ይስማማሉ።

የ6ኛ ክፍል ድልድል ከከተማ አቀፍ ፈተናው በፊት ወደ ነበረበት ይመለስ። ጊዜው አጭር ነው፣ ግን ልጆቹ ክፍል የቀየሩት በአንድ ቀን ነው፣ በአንድ ቀንም ይመለሳሉ። ተጨማሪ እገዛ የሚያስፈልጋቸው ልጆች ከክፍላቸው ሳይነጠሉ በማጠናከሪያ ትምህርት ይታገዙ፤ ለዚህም መምህርና ክፍለ ጊዜ በጽሑፍ ይመደብ።

የዕቅዱ ፎርም የደቂቃ ክፍፍል ለመምህሩ ይተው። የምልከታ ቅጹ ላይ ተማሪዎች ምን እንደጠየቁና መምህሩ እንዴት እንዳስተናገደው የሚጻፍበት ቦታ ይጨመርበት። ተመልካቹም ከወጣ በኋላ በዚያው ዕለት ከመምህሩ ጋር ቁጭ ብሎ ይነጋገር። ውጤት በሳምንቱ በፖስታ መላክ ለማንም አይጠቅምም።

ከክፍለ ጊዜ ውጭ መቆየት በክፍት ቦታ፣ ሁለት መምህራን ባሉበትና በምዝገባ ይፈቀድ። ያረፈደ ልጅ ተመዝግቦ ይግባ፣ ቁርሱንም ይብላ። በቃል የተነገረው የ50 ጉዳይ ደግሞ ወይ በጽሑፍ ይምጣ፣ ወይ በጽሑፍ ይነሳ።

በመጨረሻም ከእናንተ አንድ ሰው መጥቶ ከ6ኛ ዲ ተማሪዎች ጋር አንድ ክፍለ ጊዜ እንዲቀመጥ እንጠይቃለን። ቼክሊስት ሳይዝ። የማስተምርበትን ሰዓት ርዕሰ መምህራችን ያውቃሉ። መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር፣

የ6ኛ ክፍል ሒሳብ መምህርትና የ6ኛ ዲ ሆም ሩም ተጠሪ
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር
ለወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት
ለጉድኝት ማዕከላችን ሱፐርቫይዘር